ቤቴን በመኪና መስኮት ለመረመረው ጽሕፈት ቤት

ለክቡር የሕንፃ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

በቅድሚያ ለክቡርነትዎ፣ ለቤተሰብዎና በተለይም ከራስዎ በላይ ላለው ጣሪያ የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። እኛም፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ እስካሁን በሕይወት አለን።

እኔ ሱሪ ለማሳጠር እንኳ ሦስት ጊዜ የምለካ ልብስ ሰፊ ነኝ። የሃያ ዓመት ላቤን አፍስሼ ቤት ስገዛ ግን አንዴም አልለካሁም፤ ምክንያቱም ሻጩ የእርስዎ ፊርማና ማኅተም ያረፈበትን «ለመኖሪያ ብቁ ነው» የሚል የምስክር ወረቀት ዘርግቶ ሲያሳየኝ ልቤ ሞላ። ባለሙያ ቀጥረህ አስመርምር ያለችኝን ባለቤቴን፣ መንግሥት ያየውን ቤት እንደገና ማየት ድፍረት ነው ብዬ ዝም አሰኘኋት። በምትኩ አጎቴን ይዤ ሄድኩ። ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ፣ ጎማ እንደሚፈትሽ ሁሉ ግድግዳውን በጫማው መታ መታ አደረገና አለት ነው ብሎ መረቀልኝ። ስለዚህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ የላኩት ተቆጣጣሪ ቤቱን የመረመረው ከመኪናው ሳይወርድ፣ መስኮቱን በግማሽ ዝቅ አድርጎ እንደነበር የሰፈሩ ዘበኛ በዓይናቸው አይተዋል። በዚያች መስኮት መሠረቱን፣ የውሃ ቱቦውንና የጣሪያውን ብረት አጥርቶ ማየት መቻሉ ተአምር ነው። አጎቴ እንኳ ወርዶ ነው የመታው።

ሁለተኛ፦ ሻጩ በእናቴ ክፍል ትልቅ ቁም ሣጥን ትቶልን ስለሄደ መርቀነው ነበር። ሣጥኑን ስናነሳ ከኋላው እጄ የሚገባበት ስንጥቅ አገኘን። ለጽሕፈት ቤትዎ ሦስት ጊዜ አመለከትኩ። የተሰጠኝ መልስ፣ የቤቱ ብቁነት በምስክር ወረቀት የተረጋገጠ በመሆኑ ስንጥቅ ሊኖረው አይችልም የሚል ነበር። ስንጥቁ ግን ማንበብ አይችልም መሰለኝ፣ እየሰፋ ሄደ።

ሦስተኛ፦ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት የጣሪያው ኮንክሪት ተገምሶ እናቴ ትራስ ላይ ወደቀ። ፊቷን ልትታጠብ ከተነሳች አምስት ደቂቃ አልሞላም። ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው። ክቡርነትዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እዚህ ላይ ትሕትናው አልመጣልኝም። እናቴን ልትገድሉብኝ ነበር!

አራተኛ፦ ሦስት ማመልከቻ ያላነቃነቀው ጽሕፈት ቤትዎ በማግሥቱ በራችን ላይ ቀይ ወረቀት ለጠፈ፤ ቤቱ ለመኖሪያ አደገኛ ስለሆነ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ልቀቁ ይላል። ፊርማው የእርስዎ፣ ማኅተሙም ያው ነው። ተቆጣጣሪዎ በዚህ ጊዜ ከመኪናው ወርዷል፤ ከመስኮቱ ሆኖ ለመለጠፍ እጁ አልደረሰለትማ። እናቴን፣ ባለቤቴንና ሦስት ልጆቼን ይዤ ወዴት እንደምገባ ግን ወረቀቱ አንዳች አይልም።

ያው ሻጭ በሰፈራችን የሠራቸው ሌሎች ዘጠኝ ቤቶች አሉ። ሁሉም የእርስዎ ወረቀት አላቸው፣ ሁሉም ውስጥ ሰው ይተኛል። እባክዎ ሰው ይላኩ፤ እግር ያለው። ይህን የምታነቡ ቤት ገዢዎችም በእኔ ይብቃ፦ ወረቀትም አጎትም መሠረት አያዩም፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የሕንፃ ባለሙያ አስገቡ።

ላሳዩን ርኅራኄ እስከ መሬት ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣

በፊርማዎ ገብቶ በፊርማዎ የሚወጣው
ልብስ ሰፊው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከጎናችን ያለው ቤት ለሽያጭ ቀርቦ፣ ቅዳሜ ዕለት አንድ ወጣት የግል መሐንዲስ ይዞ መጣ። መሐንዲሱ መሠረት ሲያስቆፍር፣ ጣሪያ ላይ ሲወጣና ሲወርድ ውሎ እንዳትገዛ አለው። በብልህነቱ ተደንቄ ማን መከረህ ስለው፣ «የሚስቴ አባት የጽሕፈት ቤቱን ወረቀት አትመን፣ ባለሙያ ቅጠር ብለውኝ ነው» አለኝ። አባትየው ማን እንደሆኑ ስጠይቀው የእርስዎን ስም ጠራልኝ። እንኳን ልጅዎን አተረፏት። እኛንስ እንዲህ ብለው ቢመክሩን ምን ነበረበት?