በአራት ብሎን ስለተደፈነው ድምፃችን

ለተከበሩ የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። እኛ የዋና ከተማው ነዋሪዎች፣ ግብራችንን ከፍለን፣ አጀብዎ እስኪያልፍ መንገድ ዳር ቆመን፣ እርስዎን በማየታችን ብቻ ደህና ነን።

እኔ በአዳራሽዎ ጠረጴዛዎች ላይ የድምፅ መስጫ ቁልፎችን የገጠምኩት ኤሌክትሪሺያን ነኝ። የከተማችን ተወካይ ዘንድ ስደርስ፣ ሕጉ መናገር እንጂ ድምፅ መስጠት ስለማይፈቅድላቸው፣ የቁልፉን ቀዳዳ በክዳን እንድደፍን ታዘዝኩ። በአራት ብሎን ደፈንኩት።

ቅሬታዎቼም እነሆ፦

፩. የሰፈራችን የወሊድ ክሊኒክ ፈርሶ ለእንደራሴዎች መኪና ማቆሚያ እንዲሆን የፊታችን ማክሰኞ ድምፅ ይሰጣል። ልጄ ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች። ቀጣዩ ክሊኒክ በሁለት አውቶቡስ የሚደረስበት መሆኑን አዋላጇ ነግራታለች፤ ምጥ ፌርማታ ላይ ተሰልፎ ይጠብቅ እንደሆነ በክቡርነትዎ በኩል ቢጣራልን።

፪. ተወካያችን ስለ ክሊኒኩ አርባ ደቂቃ እንዲናገሩ ስለተፈቀደላቸው ምስጋናችን ወደር የለውም። ማይክሮፎኑን የገጠምኩት እኔ ነኝና ጥራቱን እመሰክራለሁ። ሲጨርሱ ጣታቸው ክዳኑን ዳበስ አድርጎ ተመለሰ። ባለቤቴ ይህን ስነግራት «ቤቱ የእኛ፣ ወንበሩ የእኛ፣ ፍርዱ የእንግዳ!» ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን ሳቅ አልነበረም።

፫. ሰፈራችንን በመኪና መስኮት ብቻ የሚያውቁት የክፍለ ሀገር እንደራሴዎች፣ የትኛው ግድግዳችን እንደሚፈርስ ሊወስኑልን ስለደከሙ እናመሰግናለን። እነሱን የመረጠ ሕዝብ አላቸው፤ እኛ ያለን የእነሱ መኪና ጭስ ነው።

ልመናዬ አጭር ነው። ከማክሰኞ በፊት ክዳኑን ነቅዬ ቁልፍ እንድገጥም ይታዘዝልኝ። ሽቦው ከሥር ተዘርግቷል፤ ሥራው የሃያ ደቂቃ ነው። የጎደለው የእርስዎና የባልደረቦችዎ ፈቃድ ብቻ ነው።

ከጠረጴዛዎ ሥር ተንበርክኮ ብሎን ማጥበቅ የለመደው፣
መቀመጫዎ እንዳይነቃነቅ ዘወትር የሚተጋው፣
ታዛዥዎ ኤሌክትሪሺያን

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ሐሙስ የአንድ እንደራሴ ቁልፍ አልሠራ ሲል፣ «የአንድ ሰው ድምፅ ሳይቆጠር ጉባኤ አይቀጥልም» ብለው ስብሰባውን አቁመው በጥድፊያ አስጠርተውኝ ነበር። ያንን ጠግኜዋለሁ። ከጎኑ ያለው ግን አሁንም አይሠራም፤ ከኋላው አንድ ሙሉ ከተማ ቆሟል። ጉባኤዎ ቀጥሏል።