ምህረት አራስ ልታርስ የሄደች ጊዜ

ለወርቄ፣ ለልጆቼ እናት፣

ከተለየሽን ወዲህ በቆሎው ሁለት ጊዜ አሽቷል። ባለሽበት ሰላምታዬ ይድረስሽ። በአማርኛ ስጽፍልሽ እንዳትስቂብኝ፤ በገዛ አፋችን በአሪኛ ማውራት እንጂ መጻፍ አልተማርኩም። ደግሞ አንቺም አማርኛ ስታወሪ ወንድ ልጃችንን ታደሰን «አንቺ»፣ ሴቷን ምህረትን «አንተ» እያልሽ ቤቱን በሳቅ ታፈርሺው ስለነበር አንዳችን በሌላችን ላይ የምንስቅበት አፍ የለንም።

ቤቱ ደህና ነው። መብራት ገብቶልናል። የጓሮው እንሰት አድጎ መስኮቱን ሸፍኖታል። ምህረት ሁልጊዜ ቅጠሉን ቁረጠው ትለኛለች። የተከልሽው አንቺ ስለሆንሽ እጄ እምቢ ይለኛል፤ ስለዚህ በጠራራ ፀሐይ አምፖል አብርቼ መጽሐፍ ቅዱሴን አነባለሁ። ጎረቤት አልፎ ሲሄድ አይቶኝ ይስቃል።

ዛሬ ልነግርሽ የፈለግኩት ግን የልጆቻችንን ነገር ነው። አንቺ ካለፍሽ በኋላ የሆነውን አታውቂምና።

ታደሰ ትምህርቱን ጨርሶ ከጂንካ በአይሱዙ ተጭኖ አዲስ አበባ የሄደ ዕለት ትዝ ይልሻል? የተጠበሰ በቆሎ በጨርቅ ቋጥረሽ መኪናው ከተነሳ በኋላ ደርሰሽ፣ እየሮጥሽ ወረወርሽለት። ከዚያ ወዲህ ልጃችን የከተማ ሰው ሆነ። ለሰርጉ የሄድን ጊዜ አንቺ መንገድ ላይ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ቆመሽ ሰላም ስትዪ ውለሽ፣ ማታ አልጋ ላይ ወድቀሽ «የዚህ አገር ሰው ሰላምታ አያልቅም፣ አንድም የሚመልስ የለም» አልሽኝ። እኔ ሳቅኩ። አንቺ ግን አልሳቅሽም ነበር።

ያን ነገር በኋላ ነው የተረዳሁት። ሕመሙ ሲጸናብሽ ታደሰ በየቀኑ ይደውል ነበር። «የአውሮፕላን ትኬት ልቁረጥ፣ አምጧት፣ እዚህ ትታከማለች» ይላል። አንቺ ራስሽን ትነቀንቂያለሽ። ስልኩን የምትይዘው ምህረት ስለነበረች «እማ አልፈልግም ብላለች» የምትለውም እሷ ሆነች። እኔም ተቀብዬ እንደዚያው እለው ነበር፤ እሱ ግን የሚሰማው የእሷን ድምፅ ብቻ ነበር። ከዚያ አንድ ጠዋት አረፍሽ። እሱ መንገድ ላይ እያለ ቀበርንሽ።

በማግስቱ ደረሰ። ከባጃጅ ወርዶ እኔን እንኳን ሳያቅፍ በለቀስተኛው መሀል አልፎ ወደ እህቱ ሄደ፤ «እናቴን የገደልሽብኝ አንቺ ነሽ» አላት። ያን ሁሉ ወር ያጠበችሽን፣ ያገላበጠችሽን ልጅ! እሷ ግን የለቀስተኛውን ውሃ ማመላለሷን ቀጠለች። ለብቻው ወስጄ «ራሷ ናት እምቢ ያለችው» ስለው «የታመመ ሰው ፈቃዱ ይጠየቃል እንዴ አባ?» አለኝና ጥሎን ሄደ።

እኔን መደወሉን አልተወም። ስለ እህቱ ግን ቃል አይተነፍስም። እሷም ስሙን ሳነሳ ከአጠገቤ ተነስታ ትሄዳለች። ከሁለቱ መሀል ቁጭ ብዬ ስንት ጊዜ ጠራሁሽ መሰለሽ።

አንድ ቀን ሚስቱ ሰላም ደወለች። ወልዳለች። ሴት ልጅ ነች። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ማለት ጎረቤቶቻችን የለመዱት ነው፤ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። እሷ ግን ማልቀስ ጀመረች። እናቷ በልጅነቷ እንደሞተችባት ታውቂያለሽ። «እማማ ወርቄ ቢኖሩ ይመጡልኝ ነበር» አለችኝ። ምን እላለሁ? እኔ ሽማግሌ ሄጄ አራስ አላርስ።

ከማሳ ስትመለስ ለምህረት «ሰላም ወለደች፤ የሚያርሳት ሰው የለም» አልኳት። እግሯን ታጠበች። በማግስቱ ጠዋት ስነሳ የገብስ ዱቄቱን፣ ቅቤውን፣ ኮረሪማውን ቋጥራ አገኘኋት።

«ወዴት ነው?»

«አራስ ላርስ።»

«ወንድምሽስ?»

«አባ፣ የወለደችው እኮ ሰላም ናት» አለችኝ።

ልጆቿን ለባሏና ለእኔ ጥላ አውቶቡስ ተሳፈረች። እኛ የሆንነውን ባየሽ! የትንሿን ጠጉር እኔ ጎነጎንኩት፤ እሁድ ቸርች ስንገባ ዘማሪዎቹ ሳይቀሩ መዝሙራቸውን አቋርጠው ሳቁ።

እዚያ የሆነውን የነገረችኝ ሰላም ናት፤ በአሪኛ የተባለውን ታደሰ በኋላ ተርጉሞላታል። በር የከፈተላት ታደሰ ነበር። በአጠገቡ አልፋ ወደ ጓዳ ገባች፣ ሕፃኗን አነሳች፣ ወዲያው ለገንፎ ውሃ ጣደች። ቀናት አለፉ። እሷ ታበስላለች፣ እሱ ይበላል፣ አይነጋገሩም። ሰላም አልጋዋ ላይ ሆና የሁለቱን ዝምታ ስታዳምጥ ጡቷ ሊደርቅባት ነበር።

አንድ ማታ ታደሰ ከሥራ ተመልሶ ለአራሷ ከተሠራው ገንፎ ጎረሰና፣ ሳያስበው፣ «ጨው በዝቷል» አለ። በአሪኛ ነበር ያለው። በልጅነቱ ሁሉ ይልሽ የነበረውን ቃል። ምህረት ጀርባዋን እንደሰጠችው «ያስተማረችኝ እናትህ ናት፣ እሷን ውቀስ» አለችው።

መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ማንኪያውን አስቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ሲረጋጋ «ለምን ነበር የማትመጣው? እስቲ አንቺ ንገሪኝ» አላት። ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቃት ማለት ነው። ምህረትም አጠገቡ ተቀምጣ፣ እጇን ይዘሽ ያልሻትን ነገረችው፦ «እዚያ ብሞት በቋንቋዬ ማን ያለቅስልኛል?»

ያን ማታ ይቅርታ ጠየቃት። እሷ ምን እንዳለችው ሰላም አልነገረችኝም፤ በአሪኛ ነበርና ያን ግን ታደሰ አልተረጎመላትም። ብቻ ሲነጋጋ የሰማኋቸው ሲሳሳቁ ነው አለችኝ።

ለገና ሁሉም መጡ። ሕፃኗ ግንባሯ ያንቺ ነው፣ ቁጣዋም። ሰላም ጥቂት አሪኛ ይዛለች፤ የመጣውን ሰው ሁሉ ሰላም ትላለች፣ እዚህ ደግሞ ሁሉም ይመልስላታል። ታደሰ ሊሄድ ሲል ወደ አዲስ አበባ እንውሰድህ አለኝ። አልሄድም አልኩት። ዓይኔን አየና «እሺ አባ» አለኝ። እስከ መኪናው የሸኘችው ምህረት ናት።

ከመሄዳቸው በፊት መቃብርሽ ጋ አብረን ወጥተን ነበር። ሁለቱ ሣሩን እየነቀሉ፣ ልክ እንደ ልጅነታቸው፣ እናታችን አብልጣ የምትወደው እኔን ነበር፣ የለም እኔን ነበር እያሉ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ ዞረው «አባ፣ አንተ ፍረድ፤ ማንን ነበር?» አሉኝ።

«እኔን» አልኳቸው።

እስትንፋሴ እስካለች ድረስ ይህን ለማንም አልለቅም፣ ወርቄ።

ባልሽ