ለውሻ የተተወ ኮት

ኖቬምበር 3

ለማንም ነግሬ የማላውቀው፦ ኮቱን ያነሳሁት እኔ ነኝ።

ይኸው ጻፍኩት። ምንም አልሆነም። ውጭ ዝናብና በረዶ ተቀላቅሎ ይወርዳል፤ ውሻዋ ሶይንቱ ምድጃው ሥር ተኝታለች። እንደ ሁልጊዜው ጆሮዋን አጸዳሁ። እንዲህ የተንጠለጠለ ረጅም ጆሮ አየር አይገባውም፤ ከረጠበ ቶሎ ይሸታል። ለብ ባለ ውኃ በተነከረ ጨርቅ ማበስ፣ ከዚያ በደንብ ማድረቅ... በጣቶቿ መካከልም ስብ ቀባሁ። ሥራ ስትፈታ ታኝካለች፤ የሟች ባሌን የኦይቫን ወንበር እግር ጨርሳዋለች።

ቤት ውስጥ የዋህ ናት። ጫካ ስትገባ ግን ሌላ ፍጥረት። የጥንቸል ሽታ አፍንጫዋ ከገባ ብትጠራት አትሰማም። እየጮኸች ትነዳለች፤ ጥንቸሏ ዞራ ትመጣለች፤ አዳኙ ቆሞ ይጠብቃል። ርቃ ከጠፋች ደግሞ ቤት አትመጣም፤ የምትመለሰው ወደተለቀቀችበት ቦታ ነው። ስለዚህ አዳኙ ኮቱን አውልቆ እዚያ ይተውላታል። መጥታ ትተኛበታለች፤ ጠዋት ይወስዳታል። እዚህ አገር ሕፃን ልጅም ያውቀዋል፤ ጫካ ውስጥ የተነጠፈ ኮት አይነካም።

እኔ ነካሁ።

ኖቬምበር 6

ሬይዮ መጣ፣ የባሌ ወንድም። የዓሣ ሾርባ በላ። ቅዳሜ ሶይንቱን ይዞ ሊወጣ ነው። ውሻዋ የልጁ የማርዩካ ናት፤ ከተማ ስለምትሠራ እኔ ጋ አስቀመጠቻት። በጸደይ ልታስወልዳት ትፈልጋለች።

«ከዚያች ዘር? እኔ በሕይወት እያለሁ?» አለ።

«ምን አጠፋች?»

«ቅድመ አያቷ ወንድሜን በላች። ኮት የናቀች ውሻ! ይቺንም አንዴ፣ አንዴ ብቻ ኮቴ ላይ ሳላገኛት ልቅር... ጠመንጃዬን ይዤ ከጎተራው ጀርባ ነው የምወስዳት።»

«ማርዩካስ?»

«ታለቅስና ይወጣላታል።» አፉን ጠረገ። «አንቺ ደግሞ መጽሐፍ እያነበብሽላት አበላሸሻት። መነጽር ብቻ ነው የቀራት።»

ሳቅሁ። ለምን ሳቅሁ?

ኖቬምበር 7

ልጻፈው።

ከዓመታት በፊት ኦይቫ ሄልሚን፣ የሶይንቱን ቅድመ አያት፣ ጫካ ውስጥ አጣት፤ ኮቱን ትቶላት መጣ። በማግስቱ ማታ ስመለስ አያታለሁ ብሎ ገና ሳይነጋ ወደ እንጨት ቆረጣው ሄደ። እኔ በዚያ ሳልፍ ኮቱ ብቻውን ነበር፤ በረዶ ይወርድበታል። ያለው ደህና ኮት እሱ ብቻ ነበር። ላድርቀውና ልመልሰው አልኩ። ምድጃው ላይ ሰቀልኩትና መጽሐፍ ገለጥኩ። ማንም ሳያስተምረው ንባብ የለመደ ሰው አንዴ ከያዘው... ቀና ስል ቀኑ ተጋምሷል።

ኮቱን ይዤ ሮጥኩ። ዱካዋ ነበር። መጥታ ነበር። ያንን ቦታ ዞራዋለች፣ ደግማ ዞራዋለች፣ ከዚያ ወደ ሐይቁ። ኮቱን ዱካዋ ላይ አነጠፍኩና ቤቴ ገባሁ። ለኦይቫም አልነገርኩትም። አመሻሽ ላይ ሄደ፤ ባዶ ኮት አገኘ፤ ሐይቁ ዳር ዱካዋን አየና ተከተለ። ሐይቁ ላይ ያለው በረዶ ገና ስስ ነበር፤ ከሥሩ ተሰበረ።

እሱን ከቀበርነው በኋላ ሄልሚ በራሷ መጣች፣ አጥንቷ ገጦ። ሬይዮ ጠመንጃውን አነሳ። እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜያለሁ... ዝም አልኩ።

ኖቬምበር 8

ሶይንቱ ጠፋች። ጭጋግ ነበር። እስከ ቀትር ጩኸቷ ይሰማ ነበር፤ ከዚያ ወደ ረግረጉ ማዶ ራቀ፣ ቀጠነ፣ ቆመ። በዚያ በኩል ተኩላ አለ ይላሉ። ሬይዮ ኮቱን ትቶ በሹራብ ተመለሰ።

ኖቬምበር 9

አብሬው ሄድኩ። ኮቱ ባዶ ነው፤ ውርጭ አንጥቶታል። ጎንበስ ብሎ አነሳው፤ አራገፈው።

«ተወው» አልኩ።

«ምን ያደርጋል? የዘሯ ደም ነው፤ አይለወጥም።»

«አስቀምጠው ሬይዮ። ገና ትመጣለች።»

«ቅድመ አያቷ መጣች?»

«መጥታ ነበር!» ጮህኩ መሰለኝ። «ሄልሚ መጥታ ነበር። ኮቱ አልነበረማ! እኔ ወስጄው ነበር።»

ኮቱን እንደያዘ ቀረ። የቀረውንም ነገርኩት፤ ምድጃውን፣ መጽሐፉን፣ ዱካውን። ስጨርስ ኮቱን መልሶ አነጠፈው። እጅጌውን ሳይቀር አስተካከለ። ከዚያ መኪናውን አስነስቶ ሄደ። እኔ በእግሬ መጣሁ።

ኖቬምበር 10

ኮቱ ላይ ነበረች። ተጠቅልላ። የጆሮዋ ጫፍ ተቀዷል፣ መዳፏ ደም በደም። ተሸክሜም ጎትቼም አመጣኋት።

መዳፏን በጨው ውኃ አጠብኩ። ምግቡን ለብ አድርጌ ጥቂት ጥቂት... ከእንዲህ ያለ ሩጫ በኋላ ሆዷን ባንዴ መሙላት አይገባም።

ለሬይዮ ደወልኩ። «መጣች» አልኩት። ዘጋው።

ኖቬምበር 15

ሬይዮ ደጃፉ ላይ ቆመ። ግባ አልኩት፤ እምቢ አለ። ኮቱን ሰጠሁት። ሶይንቱ እያነከሰች ወጥታ እጁን ልትልሰው ስትል እጁን ሰበሰበ።

«ሄልሚ ጭራዋን እየቆላች ነበር የመጣችልኝ» አለ። «ጠመንጃውን አይታ። አደን የምንወጣ መስሏት።»

የሶይንቱን አንገት ይዤ ወደ እኔ ሳብኳት።

«ስተኩስ እውነቱን ታውቂ ነበር።»

«አዎ።»

«የኦይቫን... እሺ፣ ዕድል ነው እላለሁ። ይሄንን ግን ምን ልበለው?» ኮቱን አልለበሰውም፤ ክንዱ ላይ ጣለው። «ማርዩካ ውሻዋን ታስወልዳት። አንቺ ግን ከእንግዲህ ቅዳሜ አትጠብቂኝ።»

ኖቬምበር 22

ቅዳሜ። ሬይዮ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚታጠብበትን የእንፋሎት ቤት፣ ሳውናውን፣ አላነደድኩም። ለአንድ ሰው ብሎ ማን ያነዳል?

ሶይንቱ ደህና እየረገጠች ነው። ማርዩካ ደወለች። «አክስቴ፣ ስላንቺ ባነሳሁ ቁጥር አባዬ ተነስቶ ይወጣል። ምን ሆናችሁ?» ስለ ውሻዋ መዳፍ አወራኋት። እሱም አልነገራትም ማለት ነው። ለምን እንዳልነገራት አውቃለሁ... የራሱንም ጥይት መናገር ሊኖርበት ነው።

ነገ ውሻዋን ልትወስድ ትመጣለች። ስለ ጆሮዋና ስለ መዳፏ የጻፍኩት ይጠቅማታል። የቀረውንም ታንብበው፤ አንብባም አክስቴ ብትለኝ ባትለኝ እሷ ታውቃለች። እነዚህን ገጾች የምሰጠው ለማርዩካ ነው።