በእጅ ማብረርን ያስተማሩን ካፒቴን ወልደተንሣኤ ኃይለ ገብርኤል

የበረራ አሰልጣኞች ማኅበር፣ ካፒቴን ወልደተንሣኤ ኃይለ ገብርኤል ግንቦት 9 ቀን 1980 ዓ.ም. በአንኮበር ወረዳ ጎረቤላ ከተማ ከዚህ ዓለም በሞት መለየታቸውን ለአባላቱና ለሕዝብ የሚያስታውቀው በከባድ ሐዘን ነው። ዜናው የደረሰን ከቀብራቸው በኋላ ነው። ለዓመታት አብረናቸው ከበረርነው መካከል አፈር ያለበሳቸው አንድም ሰው የለም፤ ይህም ይቆጨናል።

ካፒቴን ወልደተንሣኤ ከአንኮበር ካህናት ቤተሰብ ተወልደው በደብረ ብርሃን ተምረዋል። በ1952 ዓ.ም. የበረራ ሙያ ጀመሩ፤ ከ1964 ዓ.ም. ወዲህ አሰልጣኝ ነበሩ።

በ1976 ዓ.ም. አዲሶቹ ጄቶች በራሱ የሚያበርር መሣሪያ፣ አውቶፓይለት ይዘው ገቡ። ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባልም አብራሪዎች ከተነሡ በኋላ መሪውን ለመሣሪያው እንዲለቁ ታዘዘ። ካፒቴኑ የመሣሪያው ጠላት አልነበሩም። በጉም ውስጥ ከዓይኑ ይልቅ መሣሪያውን ያላመነ ሠልጣኝ ከተግሣጻቸው አያመልጥም ነበር፤ የአንኮበርን ጉም ያውቁታልና። የጠየቁት በየበረራው ጥቂት ደቂቃ በእጅ እንዲበረር ብቻ ነው። «መሣሪያው አይደክመውም፤ አይፈራምም። እናንተ ፍሩለት» ይሉ ነበር።

ጥያቄያቸው ተቀባይነት አላገኘም። ሠልጣኞቻቸው በእጅ እንዲያበርሩ ማድረጋቸውን ስላልተዉ በ1977 ዓ.ም. ከአሰልጣኝነት ተነሡ። ውሳኔውን የሰሙት ብቻቸውን ቆመው ነው።

በ1979 ዓ.ም. ተሳፋሪ በጫነ አውሮፕላን ላይ አውቶፓይለቱ በድንገት ሥራ አቆመ። የካፒቴን ወልደተንሣኤ ሠልጣኝ የነበሩት የአልዩ አምባው ተወላጅ ካፒቴን ዓወል ሸሪፍ አውሮፕላኑን በእጃቸው ይዘው ሁሉንም በደህና አሳረፉ። ከዚያ ወዲህ በእጅ ማብረር የሥልጠናው ደንብ ሆኗል። መምህራቸው እንዲመለሱ ተጠይቀው ነበር፤ ነገር ግን ዓይናቸው ደክሞ ነበር።

ትዳር አልያዙም። የመጨረሻ ዓመታቸውን ያሳለፉት በአባታቸው ቤት ብቻቸውን ነው። ከእነዋሪ ከተማ እየመጡ የሚጠይቋቸው እህታቸው ወይዘሮ አልታየች እንደነገሩን፣ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር በረንዳ ወጥተው፣ ባያዩትም ቀና ብለው «ይኼ በእጅ ይሆን?» ይሉ ነበር። እህታቸውም «ምኑን አውቄው፣ ወንድም ጋሼ» ብለው ይመልሱላቸው ነበር።

ማኅበሩ ለወይዘሮ አልታየች፣ ለዘመዶቻቸውና በየበረራው ላሉ ሠልጣኞቻቸው መጽናናትን ይመኛል። በዐርባቸው ዕለት ጠዋት አንኮበርን አቋርጦ የሚያልፈውን አውሮፕላን የሚያበርሩት ካፒቴን ዓወል ናቸው። ወይዘሮ አልታየች በረንዳ ወጥተው ቀና ቢሉ፣ ያ በእጅ ነው።