መርዶ ይዞ የተከተለህ እንግዳ

ሴንት አልባንስ፣ ሜልበርን
ሚያዝያ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሩቤል ልጄ፣ የሆዴ ፍሬ፣

በረዶው መቅለጥ እንደጀመረ ዜማ ነገረችኝ። ሥራችሁም በዚህ ሳምንት እንደሚያበቃ፣ የበረዶ ሞተሮቹን አጥባችሁ እስከ መጪው ክረምት እንደምትሸፍኗቸው ነገረችኝ። ለእህትህ ይህን ሁሉ ትጽፋለህ፤ ለእኔ የምትጽፍልኝ «ኦኬ» ብቻ ናት። «ኦኬ»ዋም ብትሆን አትከፋም፤ ስትመጣልኝ መነጽሬን አድርጌ ደጋግሜ አያታለሁ። እኔ የምለው ግን በስልክ አይጻፍም። ጣቴ ሌላ ፊደል ይነካል፣ ስልኩም ያላልኩትን ይጨምርልኛል። ስለዚህ እንደ ድሮው በወረቀት ይሁን አልኩ። ፊደል ያስቆጠረህ አባትህ ነውና አያቅትህም፤ ቀስ ብለህ አንብበው።

እዚህ ብርዱ ገብቷል። አንተ ካለህበት የበረዶ አገር ሆነህ ብትሰማኝ ትስቅብኛለህ፤ ትንሽ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ሁለት ሹራብ ደርቤ ሂተር ሥር እቀመጣለሁ። የጓሮው ሎሚ ዘንድሮ ያለ ልክ አፍርቷል። ለቅሞ ለጎረቤት የሚያድለው አባትህ ነበርና እያየሁት መሬት ላይ ይረግፋል። እህትህ እሑድ እሑድ ከካርልተን እየመጣች ሣሩን ታጭድልኛለች፤ አጨዳዋን አባትህ ቢያየው ግን ሌላ ሰው ይቀጥር ነበር።

የምጽፍልህ ስለ መርዶው ነው። መርዶውን የሰማህ ቀን በስልክ ስትጮህብኝ መልስ አልሰጠሁህም። «ለሞተ ሰው እጄን ሳወዛውዝ ዝም ብለሽ አየሽኝ» አልከኝ፣ በእንግሊዝኛ። ስትናደድ ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ነው፤ የማይገባኝ እየመሰለህ ይሆናል። ቃል በቃል ገብቶኛል። መልሱን ይኸው እጽፍልሃለሁ።

አባትህ ደረቴን ከበደኝ ያለ ዕለት አንተ ቱሪስቶችህን በበረዶ ሞተር እየመራህ ከኢናሪ ሐይቅ ማዶ ገብተህ ነበር። «እስከ ዓርብ ስልኬ አይሠራም» ብለህ ለዜማ ጽፈህላታል። ሆስፒታል ሦስት ቀን ብቻ ነው የተኛው። ዜማ በመጀመሪያው ቀን «ቢሯቸው ልደውል፣ በሬዲዮ ይጠሩታል» አለች። የከለከልኳት እኔ ነኝ። በረዶ መሀል፣ ከሥሩ ውሃ፣ ከኋላው ሰው ያለበትን ልጅ በሬዲዮ አባትህ ታመመ ብለን አናስደነግጠውም፣ ደግሞም ይሻለዋል አልኳት። ያን ቀን ብትጠራህ ኖሮ ትደርስ ነበር። ይህን አስቤ ሳልጨርሰው እንቅልፍ ይወስደኛል፤ ስነቃም ከዚያው እጀምራለሁ።

አባትህ ነው አትንገሩት ያለው ብልህ ዛሬ ቀለል ይለኝ ነበር። አላለም። «ሩቤል ደወለ?» ነው ያለኝ። ሰዎች ይዞ ሄዷል፣ ሲመለስ ይደውላል አልኩት። ትንሽ ቆይቶ እንደገና «ደወለ?» አለኝ።

ሐሙስ ሊነጋጋ ሲል ዐረፈ። ዓርብ ጓሯችን ድንኳን ተተከለ፤ ሙቀቱ አርባ ደርሶ ለቀስተኛው ሁሉ በእጁ ያራግብ ነበር። አንተም በቃልህ መሠረት ዓርብ ወጣህ። የአባትህ ስልክ ጭኔ ላይ ነበረ፤ ጮኸ፣ የላክኸውን ቪዲዮ ምንም ሳላስብ ከፈትኩት። «አባዬ፣ ከስንት ሳምንት ጨለማ በኋላ ፀሐይ ወጣች! ይኸው እያት!» ያ ድምፅህ ድንኳኑን ሞላው። ቪዲዮው ውስጥ ከኮረብታው አናት ላይ ብርቱካን የመሰለች ነገር ብቅ ብላለች፤ ከኋላህ ያሉት ፈረንጆች ያጨበጭባሉ። ከዚያ ጎረቤታችን እትዬ የሺሃረግ ጮኸች፣ ሁሉም ተከተሏት።

ለቅሶው በረድ ሲል እትዬ የሺሃረግ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። «ልጁ በስልክ እንዳይሰማ፣ ማንተግቦሽ። ብቻውን ነው። ማን ይይዘዋል? ተስፈንጥሮ እዚያ ገደል ቢገባስ?» አለችኝ። እውነቷን ነው አልኩ። የእናቴን ሞት ሱዳን ሆኜ የነገሩኝ ሽማግሌዎች በጠዋት መጥተው፣ አስቀምጠው፣ ግራና ቀኝ ይዘው ነው። መርዶ እንዲህ እንደሚነገር እንጂ ሌላ አላውቅም። ዜማ «እማዬ፣ ይህ ልክ አይደለም፣ ቀብሩ እንኳ ያምልጠው?» አለች። ልጅ ነሽ፣ አታውቂም አልኳት። ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው።

ስልኩ ዝም ካለ ትጨነቃለህ ብዬ ለዚያ ለፀሐዩ ቪዲዮ ከአባትህ ስልክ የአውራ ጣት ምልክት ላኩልህ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ቀላል ሆነ። «አባቴስ?» ስትለኝ ተኝቷል፣ ቤተ ክርስቲያን ሄዷል፣ ጉሮሮውን ይዞት ድምፁ አይወጣም እልሃለሁ። እንዲህ ውሸት እንደሚቀናኝ በሕይወቴ አላውቅም ነበር። አንተም ታምነኛለህ፤ ለምን አታምነኝ!

ቪዲዮዎቹን ሁሉ አይቻቸዋለሁ። አንዲት ጃፓናዊት ሴትዮ መሪውን መጠምዘዝ አቅቷት ለስላሳ በረዶ ውስጥ ስትሰምጥ፣ አንተም እየሳቅህ በአካፋ ስታወጣት። ሰዎችህ እሳት ዙሪያ ቁጭ ብለው ትኩስ ጭማቂ ሲጠጡ። አባትህ ከሁሉም የሚወደው የትኛውን እንደነበር ነግሮህ ያውቃል? አልነገረህም፤ እሱ ለሰው እንጂ ለራሱ ለባለ ጉዳዩ አይናገርም። ባለፈው ዓመት የላክኸውን ነው፤ ከፊት እየነዳህ በየጥቂቱ ዞረህ የኋላዎቹን መብራት የምትቆጥርበትን። ለጓደኞቹ ሁሉ አሳይቷል። «እኛን በበረሃ ያሻገረን መሪ አንዴም ዞሮ አላየንም። የቀረው ቀረ። የእኔ ልጅ ግን ይኸው፣ ይቆጥራል» ይላቸው ነበር። በሰው ፊት ዓይኑ እንባ ሲያቀር ያየሁት ያኔ ነው።

አርባው ሳይወጣ ልትሰማ ይገባል ብለን ሰው ፍለጋ ጀመርን፤ ሰው እስኪገኝ ግን አርባውም አለፈ። ኢናሪ ሐበሻ የለም። የእኛ ቄስ ሄልሲንኪ ያለ ቄስ አገኙ፤ እሳቸው ደግሞ ከአንተ የአራት ሰዓት መንገድ ርቆ ሮቫኔሚ ከተማ አውቶቡስ ከሚነዳ ተኽላይ ከሚባል የመቀሌ ልጅ ጋር አገናኙን። የማያውቀን ሰው ነው። «እትዬ፣ እኔም የአባቴን ሞት በስልክ ነው የሰማሁት። ሄጄ እነግረዋለሁ» አለኝ፤ አለቀስኩ። ጠዋት ሥራ ሳትገባ እንዲደርስ፣ አስቀምጦ እንዲነግርህ፣ ከዚያም ብቻህን ትቶህ እንዳይሄድ ለመንኩት።

መንገዱ በበረዶ ተዘግቶበት ዘገየ። ሲደርስ ያገኘህ እንግዶችህን አሰልፈህ የራስ ቁር ስታስጠልቅ ነው። የሐበሻ መልክ ስታይ ሮጠህ መጥተህ አቀፍከው አለኝ። ከየት ነህ፣ ማን ላከህ ሳትለው ለጉብኝት የመጣ መሰለህ። አንድ ሰው ቀርቶብህ ሞተር ተርፎ ነበርና «ወንድሜ፣ አንተ አትከፍልም!» ብለህ ወፍራሙን ልብስ አለበስከው፣ ቁር ደፋህለት፣ ከሁሉም አስቀድመህ ልክ ከኋላህ አደረግኸው። ሞተር ነድቶ የማያውቀውን ሰው!

«ምን ላድርግ፣ እትዬ?» አለኝ በኋላ ሲነግረኝ። «ስምንት ሰው እሱን ብቻ እየተከተለ ነው። ሐይቁ ላይ አንዳንድ ቦታ ከበረዶው ሥር ውሃ አለ፣ የት የት እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ነው። እንዴት ልንገረው? ዝም ብዬ ነዳሁ። በየጥቂቱ ዞሮ ያየኛል፣ ደህና ነህ ለማለት አውራ ጣቱን ያነሳል። እኔም አነሳለታለሁ። ቀኑን ሙሉ አፌ ውስጥ ድንጋይ የያዝኩ ነው የመሰለኝ።»

ምሳ ሰዓት ያን ቪዲዮ ላክህ። «አባዬ፣ ዛሬ ሐበሻ እንግዳ አግኝቻለሁ! ተኽላይ፣ አባቴን ሰላም በለው!» ተኽላይ እጁን አወዛወዘ። «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ልጅዎ ጎበዝ ነው፣ እንደ ወንድሙ ነው የተቀበለኝ። እግዚአብሔር...» አለና ቆመ። አንተ ሥራ ላይ ሆነህ አላስተዋልክም። እኔ ግን ምን ሊል እንደነበር አውቄአለሁ፤ «ነፍስዎን ይማር» ሊል ነበር።

ለዚያም አውራ ጣት ላኩ። ያችን ባልላክኋት ኖሮ! ሌሎቹን ስለ ፍቅር ነው ልበል። ያችኛዋን ግን እያወቅሁ፣ ያ ምስኪን ሰው ስለ እኔ ሲሰቃይ እያየሁ ነው የላክኋት።

ማታም ሽሮ ሠርተህ አበላኸው፤ «አባቴን በደንብ አናግረው» ብለህ ደወልክ። ስልኩ እጄ ላይ ሲጮህ ቁጭ ብዬ አየሁት። ተኽላይ ሌሊቱን አንተ ቤት አደረ፤ እንደ ወጉ ሲነጋ ነገረህ። የጮህከውን ጩኸት ግን አልነገረኝም፤ «ይዤው ነበር» ብቻ ነው ያለኝ። እግዚአብሔር ይስጠው። እሱን ተቀይመኸው ከሆነ ቂሙን ተወው፤ ጥፋቱ የላኪዋ ነው።

ብዙ አሰብኩበት፣ ልጄ። ወጉ መጥፎ ነው አልልህም። ወጉ የወጣው ግን ጎረቤት ላለው ሰው ነው። በር አንኳኩተው የሚገቡ፣ አስቀድሰው ሲመለሱ የሚደርሱ ሽማግሌዎች ላሉት። እኔ አንተን በወግ ላቅፍህ ብዬ ጎረቤት ከሮቫኔሚ አስመጣሁልህ፤ እሱ እስኪመጣም ከአባትህ ቀብር፣ ከሠልስቱ፣ ከአርባው፣ ከሁሉም አስቀረሁህ። አባትህ ሲፎክርበት የኖረው አንተ የኋላዎችህን ስለምትቆጥር ነው። እኛ ግን ስንቆጥር አንተን ዘለልንህ። ይቅር በለኝ።

ይህን ሁሉ ብዬ ግን ግማሹን ነው የነገርኩህ። ለአንተ ፈርቼ ነው ማለቴ እውነት ነው፤ ሙሉው ግን አይደለም። ዜማ «እኔ ሄጄ ልንገረው፣ ቲኬት ልቁረጥ» ብላኝ ነበር። ዛሬ ነገ እያልኩ ያዘገየኋት እኔ ነኝ። እዚህ ቤት ሁሉም ሰው «ነበር» እያለ ነው የሚያወራው። ወንድይፍራው እንዲህ ነበር፣ እንዲያ ነበር። አንተ ብቻ «አባዬ፣ ይኸውልህ» ትለዋለህ። ስልኩ በጮኸ ቁጥር አንተ ዘንድ ገና አልሞተም። ቪዲዮህን ይዤ ሶፋው ላይ በእሱ ቦታ እቀመጥና፣ ምን እንደሚል አውቃለሁና፣ እሱን ሆኜ እስቃለሁ። ያ እንዲቀርብኝ አልፈለግሁም። አባትህን ከአንተ የደበቅሁት ለራሴ ነው፣ ሩቤል።

መንፈቁ ሐምሌ ላይ ነው። ና ብዬ አላዝህም። ብትመጣ ግን ክፍልህ እንዳለ ነው።

ከእንግዲህ ምንም አልደብቅህም ብዬ ልምልልህ ነበር፤ መሐላ ከእኔ አፍ ዋጋ እንደሌለው ሳስበው ተውኩት። ከመማል መንገር ይሻላል። ባለፈው ሳምንት ግራ ጡቴ ላይ እብጠት አገኙብኝ። በመርፌ ወስደው ለምርመራ ልከውታል፤ ውጤቱን የሚነግሩኝ የፊታችን ማክሰኞ ጠዋት ነው። ምንም ላይሆን ይችላል፤ ሊሆንም ይችላል። ሐኪሟ ፊቷን አጥብቃ ይዛ ስለነበር ከፊቷ ያነበብኩት ነገር የለም። እፈራለሁ። ዜማ አልሰማችም፤ እትዬ የሺሃረግም አልሰማችም። ይህን ደብዳቤ ራሴ ፎቶ አንስቼ የምልክልህ እህትህ እንዳታነበው ነው። ከአንተ በኋላ እነግራታለሁ።

ይህን ስታነብ ብቻህን ትሆን ይሆናል፤ ግራና ቀኝ የሚይዝህ ሰው የለም። እናት ለልጇ እንዲህ አትጽፍም። ግን ያኔ ከሰው ሁሉ በመጨረሻ የሰማኸው አንተ ነበርክ። ይህን ከሰው ሁሉ በፊት የሰማኸው አንተ ነህ።

ሐይቁ እስክትሻገረው ይጽናልህ፤ የሚከተሉህ ሁሉ በደህና ይግቡልህ። የአባትህ አምላክ ከፊትህም ከኋላህም ይሁን።

እናትህ
ማንተግቦሽ