ጫማህና የእናትህ ክር

እሑድ ከሰዓት፣ ሰኔ 9

ይድረስ ለባለቤቴ፣

ከርመህ እንዴት ነህ? እኛ ደህና ነን። ደክሞናል እንጂ ደህና ነን። እናትህ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው እያዳመጡኝ ነው። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ የብዕሩን ድምፅ ሰምተው መጻፍና አለመጻፌን ይለያሉ። ቆም ካልኩ «ምነው፣ ጨረስሽ እንዴ?» ይሉኛል።

ደብዳቤህ ደረሰን። ሁለት ክረምት ሙሉ ድምፅህ ጠፍቶ ስንቱን ክፉ ስናስብ ከረምን መሰለህ። የእጅ ጽሑፍህን ሳይ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ከዝናቡ በኋላ እመጣለሁ ብለሃል። ከመጥፋትህ በፊትም እንዲሁ ብለህ ነበር፤ እሱን እንኳ ሆድ ይፍጀው። ጫማዬን ቀብተሽ ጠብቂኝ፣ የእንጨት መሰንጠቂያውን ካቦ አነጋግረሽ የድሮ ቦታዬን አስለቅቂልኝ ብለሃል። ለእናትህ አንብቤላቸው ሳበቃ ወደ ጫማው አየሁ። እግሬ ላይ ነበር።

እንጨት መሰንጠቂያው አይመጥነኝም ብለህ የሄድክ ጊዜ ቦታህ ባዶ ቀረ። ሄጄ ካቦውን ለመንኩት። ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ መሬቱ ሁሉ ምስማርና ስንጣሪ ስለሆነ የቆዳ ቦት ጫማ ያላደረገ ሰው ግቢው ውስጥ እንደማይገባ ነገረኝ። በማግስቱ ያንተን አድርጌ ሄድኩ። እግሬን አይተህ ድንቢጥ ስትለኝ የኖርክ ሰው፣ እንዴት ሆኜ እንደሄድኩ መገመት አያቅትህም። ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቄ፣ ካልሲ በካልሲ ደርቤ፣ ማሰሪያውን ቁርጭምጭሚቴ ላይ አዙሬ አሰርኩ። ሠራተኞቹ ጫማው ቀድሞ ይገባል፣ እሷ ኋላ ትደርሳለች እያሉ ሳቁብኝ። ሲበቃቸው ጣውላ አሸከሙኝ።

ወይ ያ ጫማ! የእግር እሳት ሆነብኝ። ተረከዜን ይልጠዋል፣ ጣቶቼን ይበላቸዋል። ከባድ ዝናብ በጣለ ቀን በስብሶ ቢገባ፣ በሞኝነቴ ቶሎ ይድረቅልኝ ብዬ ምድጃው አፍ ላይ አስጠግቼው ተኛሁ። ጠዋት እንደ ዳቦ ቅርፊት ተሰነጣጥቆ ጠበቀኝ። ደረጃችን ሥር የሚሠራው ጫማ ሰፊ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። የረጠበ ቆዳ እሳት አይወድም አለኝ። ጋዜጣ ይጠቀጠቅበትና ጥላ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሲደርቅ ጭቃው በብሩሽ ይራገፍለታል፤ ከዚያ ሞራና ሰም አንድ ላይ ቀልጦ በጣት ይታሻል፣ ስፌቱ ላይ ደግሞ ደጋግሞ። እናትህ ይህን ስነግራቸው ሳቁ። አንተ እያለህ ቅዳሜ ቅዳሜ ይህንኑ ሲያደርጉልህ የኖሩት እሳቸው አይደሉ? ጫማውን ተቀብለውኝ ሥራቸውን ቀጠሉ። ዓይናቸው ባያይ ጣታቸው ያያል።

ማታ ማታ ደረጃውን ስወጣ፣ ቦት ጫማው እንጨቱ ላይ ሲንኳኳ ሰምተው ከውስጥ «ጎረምሳው፣ መጣህ?» ይሉ ነበር። አይደለም፣ እኔ ነኝ ለማለት አንጀቴ እንቢ አለኝ። ጉሮሮዬን ጠርጌ እገባለሁ። ተሳስተው ደስ ካላቸው ምን ገዶኝ እያልኩ ያን ክረምት አሳለፍኩት።

አንድ ቅዳሜ ጫማውን ሲቀቡ እጃቸው ወደ ውስጥ ገባ። ያን ጨርቅ ሳብ አድርገው አወጡት። ደም ጠጥቶ ደርቋል። ዳሰሱት፣ አሸተቱት፣ መልሰው ከተቱት። ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ ጥሎኝ ሳለ እግሬ ላይ አንድ ነገር ሲሄድብኝ ተሰማኝና ዝንብ መስሎኝ ተገላበጥኩ። ለካ እናትህ ናቸው። በስፌት ክር እግሬን እየለኩ፣ ለርዝመቱ አንድ ቋጠሮ፣ ለወርዱ አንድ ቋጠሮ እያሰሩ ነበር።

በማግስቱ እኔ ውሃ ልቀዳ ስወጣ ግድግዳውን እየደገፉ ያንን ሁሉ ደረጃ ብቻቸውን ወረዱ። የቀረውን የነገረኝ ጫማ ሰፊው ነው። ጫማውንና ክሩን ፊቱ አስቀምጠው በዚህ ልክ አድርግልኝ ቢሉት ደነገጠ። አንዴ ከተቆረጠ አይመለስም፣ ልጅዎ ሲመጣ ምን ሊያደርግ ነው አላቸው።

«ልጄማ ጫማውን ጥሎ ሄደ» አሉት። «በዚህ ጫማ ቤቴን ያቆመችው እሷ ናት። ቁረጠው።»

ቆረጠው። ሶሉን ፈቶ፣ የእግር ቅርጽ ያለው ትንሽ የእንጨት ፎርማ ላይ ወጥሮ፣ የተሰነጠቀውን አውጥቶ እንደገና ሰፋው። ሳደርገው እንባዬ መጣ። ደስታ ነው ብልህ ደስ ባለኝ፤ ግን የወጣው ድካሜ ነው።

አድርጌው ሥራ ውዬ ማታ ስገባ አንተን አልጠሩም። ጨነቀኝና እማማ፣ ዛሬስ ጎረምሳውን አልጠሩትም አልኳቸው።

«ድሮም የእሱ እርምጃ እንዳልሆነ አውቃለሁ» አሉኝ። «እሱ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ነው የሚወጣው፤ አንቺ በየደረጃው ታርፊያለሽ። እሱን የምጠራበት ሌላ ሰበብ አጥቼ ነው ስጠራው የከረምኩት።»

ከዚያ ወዲህ ስገባ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አዘጋጅተው ይጠብቁኛል። እግሬን እነክራለሁ፣ እሳቸው ጭቃውን ያራግፋሉ።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። ቀብቼ የማቆይልህ ጫማ የለም። ቦታህንም የያዝኩት እኔ ነኝ፤ አልለቅም። ወገቤ እየተቆረጠም ቢሆን አልለቅም። አሁን አዲስ ሰው ሲመጣ የጣውላ አያያዝ የማሳየው እኔ ነኝ፣ የሚስቅብኝም የለም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ብዬ ልተርትብህ አልፈልግም፤ መቼም መንገድ የሚያሳየውን አሳይቶሃል። ናፍቀኸኛል። ይህን ልደብቅህ ብል እጄ አይታዘዘኝም። አልጋው ላይ ያንተ ወገን እንዳለ ነው፣ ሰፋ ብዬ መተኛት እስካሁን አልለመድኩም። ና፤ ስትመጣ ግን ለሁለታችን የሚሆን ሥራ አብረን እንፈልጋለን እንጂ የእኔን አትቀበለኝም።

ፖስታው ውስጥ ያለው ክር የእናትህ ነው። እግርህን ለካበትና ለርዝመቱ አንድ ቋጠሮ፣ ለወርዱ አንድ ቋጠሮ አስረህ መልሰህ ላክልን። ጫማ ሰፊው ጥሩ ቆዳ አስቀምጫለሁ ብሏል፤ አንተ እስክትደርስ ሰፍቶ ይጨርሰዋል። እኔ የልጅዎን ልክ መቼ አጡትና ነው ክር የምንልክለት ብያቸው ነበር።

«ልኩንማ አውቀዋለሁ» አሉኝ። «መልሶ መላኩን ነው የማላውቀው።»

እግርህን እንቅፋት አይንካው፣ የሄድክበት ይቅናህ ብለውሃል። እኔም ከእሳቸው ጋር አሜን ብያለሁ።

ድንቢጥህ