የመቁረጫዋ ቁልፍ

ጎንደር፣ አራዳ
ጥቅምት 11 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ ለእትዬ ዐዚዛ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አንቺም ባልሽም ልጆቹም እንዴት ናችሁ? የሕፃኗ ሳል ለቀቃት? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ዝናቡ ከሄደ ወዲህ ግቢው ደርቆልናል፤ የሠርግ ወሬም ከወዲሁ ተጀምሯል።

ባለፈው ስትደውይ «ምነው ትንፍሽ አትይም? ትመጫለሽ ወይስ አትመጪም?» ብለሽ የተቆጣሽኝ ጊዜ ሱሀይብ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ስልኩን ይዤ ጓሮ ብወጣም ያው ነው፤ ይሰማል። ዓይኑ በደከመ ቁጥር ጆሮው እየሰላ ሄዷል። የጎረቤት በር ሲንኳኳ የማን በር እንደሆነ፣ ማን እንዳንኳኳ ሳይቀር ይነግርሻል። በዚህ በስልክ ዘመን ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ የተቀመጥኩት ለዚህ ነው። ይህን ማንበብ አይችልም። ከባሌ ተደብቄ ስጽፈው አፍራለሁ፤ ግን እውነቱ ይኸው ነው።

አንቺ ግማሹን ብቻ ነው የምታውቂው፤ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

አምና ነው የጀመረው። የሙሽራ ዘፈን እያስተካከልን ሳለ «ለይላ፣ ቀስቷ የት ሄደች?» አለኝ። በማውስ የምትንቀሳቀሰዋን ነጭ ቀስት ማለቱ ነው። «እፊትህ አይደለችም እንዴ?» ብዬ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ሆስፒታል ስንሄድ ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለን፤ የጠፋው አይመለስም፣ ጠብታው የቀረውን ይጠብቅ እንደሆነ ነው አለ። አሁን የሚያየው በሸምበቆ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ነው። ፊቴን ሲያይ አገጬን አያይም።

ደንበኞች አላወቁም፤ እንዲያውቁም አይፈልግም። ሰው ሲመጣ እሱ በትልቁ ወንበር ተቀምጦ ማውሱን ይይዛል፤ እኔ አጠገቡ በርጩማ ላይ ሆኜ በኪቦርዱ ሥራውን እሠራለሁ። እሱ ይሰማል፣ እኔ እቆርጣለሁ። «የሱሀይብ ጆሮ» እያሉ አመስግነው ይሄዳሉ። ስቱዲዮውን ታውቂዋለሽ፤ ድምፅ እንዳይገባ መስኮቱን በብርድ ልብስ ደፍነን ግድግዳውን በእንቁላል ካርቶን የሸፈንነው ክፍል ነው። ፀሐይ ወጣች ገባች ሳላውቅ የምውልበት ቀን አለ። ሊጥ እያቦካሁ ይጠራኛል። እየሰገድኩ ደንበኛ ይመጣል። አንቺን አራስ ልጠይቅ ሰኔ ላይ አዲስ አበባ የመጣሁ ጊዜ ስቱዲዮው ተዘግቶ ነው የቆየው፤ ለሰው ሁሉ «ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ነው» ብሎ ነበር።

ያኔ አንቺ ዘንድ ሆኜ የተፈተንኩትን የሬዲዮ ጣቢያ ፈተና ማለፌን መስከረም ላይ ስትነግሪኝ ለሱሀይብ አልደበቅኩትም። ድምፅ አቀናባሪ አድርገው ሊቀጥሩኝ እንደሆነ፣ ኅዳር ላይ እንደሚጀመር ነገርኩት። አብረን እንሂድ አልኩት። «እዚህ እያንዳንዱን ደረጃ በእግሬ አውቀዋለሁ፤ አዲስ አበባ ወስደሽ ጥግ ላይ ልታስቀምጪኝ ነው?» አለኝ። ቆይቶ ደግሞ ፊቱ ፈታ አለና «ሸጋ ነው፣ ሂጂ። እውነቴን ነው። ብቻ ሥራውን ብቻዬን መሥራት ልቻል፤ ከዚያ እሸኝሻለሁ» አለ።

እኔም ማስተማር ጀመርኩ።

በማውስ የሚሠራው ሁሉ በኪቦርድ እንደሚሠራ ድሮም አውቅ ነበር፤ እንዲያውም ይፈጥናል። ማውስ የያዘ ሰው ቀስቷን ፍለጋ ሲንከራተት ይውላል። ቁልፎች ግን ቦታቸውን አይለቁም፤ ጣት አንዴ ከለመዳቸው ዓይን አያስፈልግም። ረጅሟ ቁልፍ ታጫውታለች፣ ታቆማለች። ባለ ቀስቶቹ ወደ ፊት ወደ ኋላ ይወስዳሉ። ኤስ ድምፁን ትቆርጣለች። ከጎኗ ያለችው ዲ የተመረጠውን ድምፅ ጠቅልላ ታጠፋለች። ኮንትሮልን ይዘሽ ዜድን ከተጫንሽ ደግሞ የተሳሳትሽው ሁሉ ይመለሳል፤ መጀመሪያ ያስተማርኩት ይህችን ነበር፣ እንዳይፈራ ብዬ። በሚያስፈልጉት ቁልፎች ላይ በጣቱ ዳብሶ እንዲያውቃቸው የጥፍር ቀለም ጠብ አደረግኩባቸው። በዲ ላይ ግን አላደረግኩም፤ አደገኛ ናት።

አማቴ እማ ፈህሚያ በር ላይ ቆመው ሲያዩን «ምን ታደክሚዋለሽ? ዓይኑ አንቺ አይደለሽም እንዴ? ዓይን ከባለቤቱ ርቆ የት ይሄዳል?» አሉ። ለፍቅር ነው የተናገሩት። እኔ ግን ያን ቀን እህል አልበላ አለኝ።

ማጫወቱን ያዘው። ወደ ፊት ወደ ኋላ መሄዱንም ያዘው። መቁረጥ ላይ ሲደርስ ግን ይጠፋበታል። ትናንት ያሳየሁትን ዛሬ «የትኛዋ ነበረች?» ይለኛል። አንድ ቀን ተናደድኩ።

«አንተ መንዙማ አንዴ ሰምተህ ከነድቤ አመታቱ የምትይዝ ሰው፣ ይቺ አንዲት ቁልፍ ምነው አቃተችህ?» አልኩት።

«መንዙማ በልብ ነው የሚያዝ። ይሄ በጣት ነው» አለ እየሳቀ። «ደግሞስ ምን ያጣድፍሻል? አለሽ አይደል?»

አለሽ አይደል። እትዬ፣ ይህች ቃል ምን ያህል እንደምትከብድ በደብዳቤ ልነግርሽ አልችልም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ባለፈው ቅዳሜ እማ ፈህሚያ ገበያ ወርደው ነበር። እኔም የሱሀይብን ጠብታ ላመጣ ሆስፒታል ሄድኩ። መድኃኒቱ አልገባም፣ ከሰዓት ተመለሺ ሲሉኝ ወዲያው ዞሬ መጣሁ። የግቢው በር ገርበብ ብሎ ነበር። ስገባ ከስቱዲዮው የሸህ ሷሊሕ ድምፅ ይሰማል። ሸህ ሷሊሕን ታስታውሻቸዋለሽ፤ ልጆች ሆነን በመውሊድ መንዙማ ይሉልን የነበሩት ናቸው። አሁን አርጅተዋል። በዚያው ሳምንት መጥተው ቀድተውልን፣ ሲጨርሱ ግድግዳውን ተደግፈው «ይቺን በደንብ ያዙልኝ ልጆቼ፤ ሁለተኛ የሚወጣልኝ አይመስለኝም» ብለው ነበር የሄዱት። መሃል ላይ ሳል ይዟቸው ስለነበር ሳሉን ማውጣት ለእኔ የተተወ ሥራ ነው።

ከበሩ ውጭ ቆሜ ሰማሁ። ሸሁ ጀመሩ፣ ሳላቸው፣ ቆመ። ቁልፎች ተንኳኩ። ትንሽ ወደ ኋላ ተመለሰና እንደገና ጀመሩ። ሳሉ የለም። ስንኙ ከስንኙ ገጥሟል፤ ድቤው ከሥር ሳይነካ ይሄዳል። እኔ ብሆን እንዲያ አድርጌ አላወጣውም።

መጀመሪያ ሌላ ሰው ያስገባ መሰለኝ። በበሩ ክፍተት አየሁ። ብቻውን ነው። ዓይኖቹን ጨፍኖ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ አሥሩም ጣቶቹ ቁልፎቹ ላይ ይሮጣሉ። ትንፋሽ ያወጣል፣ ይቆርጣል፣ ያጣብቃል። ወላሂ እልል ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ገባኝ። በአንድ ጠዋት እንዲህ የሚሠራ ጣት የለም። ከቻለው ቆይቷል።

ጫማዬ ድንጋይ ነካ። ድምፁ ወዲያው ተቋረጠ። እጁ ከኪቦርዱ ተነስቶ ማውሱን ያዘ።

«ለይላ?»

«እኔ ነኝ።»

«ምነው ቶሎ ተመለስሽ?»

«መድኃኒቱ የለም፤ ከሰዓት ነይ አሉኝ።»

«እሰይ፣ እንኳን መጣሽ። የሸህ ሷሊሕን ሳል ላወጣ ስታገል ነው የቆየሁ። መቁረጫዋ የትኛዋ ነበረች?»

ገብቼ ከኋላው ቆምኩ። እትዬ፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም። «ዲ ናት» አልኩት።

ጣቱ ተነሳና አየር ላይ ቀረ።

«ዲ?»

«አዎ፣ ዲ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አንተ ካወቅካት ንገረኝ።»

ኤስን ዳበሳት፤ የጥፍር ቀለሟን አልፎ ሄደ። «እኔ ምን አውቄ» አለና ዲን ተጫነ።

የሸህ ሷሊሕ ድምፅ ከስክሪኑ ላይ ጠፋ። እኔ እጄን ዘርግቼ አጫወትኩት። ድቤው ብቻውን ይመታል። ሰው የሌለበት ድቤ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ጠበቅኩት። ኮንትሮልና ዜድ ከግራ እጁ ሥር ናቸው፤ አንድ ጊዜ መጫን ብቻ ነው። እሱ ግን ሁለቱንም እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ድቤው መታ፣ መታ።

«ጠፋ እንዴ?» አለኝ በሹክሹክታ።

አልቻልኩም። የዚያ ሽማግሌ ድምፅ እዚያ ጨለማ ውስጥ ቀርቶ እኛ ማን ይቀድማል ብለን ስንጠባበቅ አልቻልኩም። በትከሻው ላይ ጎንበስ ብዬ መለስኩት። ሸሁ ካቆሙበት ቀጠሉ። ሱሀይብ እጄን ያዘኝ፤ መዳፉ በላብ ርሶ ነበር።

«አላህ ይስጥሽ። አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር» አለ።

«አይዞህ፤ ቀስ እያልክ ትለምደዋለህ» አልኩት።

ያንን ነው ያልኩት። ከዚያ ቀን ወዲህም በየቀኑ ይጠይቀኛል፤ በየቀኑ ጣቱን ይዤ ኤስ ላይ አስቀምጣለሁ። ለምን አትናገሪውም ትይኝ ይሆናል። ብናገር፣ ለእሱ የሚቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አትሂጂብኝ» ማለት። ያንን እስካሁን አላለኝም። ካለኝ በኋላ መሄድ የምችል አይመስለኝም፤ መቅረትም እንዲሁ። እንዲህ እየተጠያየቅን ስንኖር ግን ቢያንስ ሁለታችንም የምንሠራው ሥራ አለን።

አንዳንዴ ደንበኞች ሄደው እሱ ሲሰግድ ወንበሩ ላይ እቀመጥና እጄን አየዋለሁ። ይሄ እጅ አዲስ አበባ ላይ ምን ይሠራ ነበር እላለሁ። ከዚያ ይጠራኛል።

እትዬ፣ የደከምሽልኝን አላህ ይቁጠርልሽ። የሬዲዮ ጣቢያውን ሰዎች ኅዳር ላይ እንደማልደርስ ንገሪያቸው፤ ቦታውን ለሌላ ሰው ይስጡት። ያዘጋጀሽልኝን አልጋ ልጆቹ ይተኙበት። ስትደውይ ስለዚህ ነገር አንዳች እንዳታነሺ፤ ስለ ገበያና ስለ ልጆቹ አውሪኝ፣ እኔም እስቅልሻለሁ። አላህ ቤትሽን በሰላም ይሙላው፣ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ፣ እኛንም በዓይነ ሥጋ ያገናኘን፣ አሚን።

አንድ አደራ ብቻ አለብሽ። «ለይላ ምነው ቀረች?» ብሎ ለሚጠይቅሽ ሁሉ፣ ለእናታችን ለእማማም ቢሆን፣ «ሱሀይብ ቁልፎቹን ገና አልቻለም» በይልኝ።

እህትሽ
ለይላ